«ሁለት ሰው የቀረው!»፦ ከተማ አውቶቡስን በውል ለማሠራት ከየት ይጀምር?

ማታ 1 ሰዓት ላይ ጎንደር ፒያሳ ቁሙ። ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጠራል። ትገባላችሁ፣ ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው። ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ አትንቀሳቀስም እንዴ?» ይላሉ። «አንድ ሰው ነው እማማ፣ አሁን እንሄዳለን» ይላቸዋል። ግማሽ ሰዓት እዚያው።

እኔም በረዳቱ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። ግን ሒሳቡን አስቡት። ሹፌሩ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት። ነዳጁን ቀድቶ፣ ተራ አስከባሪውን ከፍሎ የተረፈችው ናት የእሱና የረዳቱ። ባዶ ወንበር ይዞ ከሄደ የሚከስረው እሱ ነው። ስለዚህ ይጠብቃል። ሰው ሲበዛ ደግሞ ትርፍ ይጭናል፣ አዘዞ ድረስ መሄዱ ካላዋጣው መስመሩን ቆርጦ ይመለሳል። ጎንደር ከድርጅት ጋር ተዋውላ አውቶቡስ ላሠራ ካለች ከሁሉ በፊት መመለስ ያለባት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ወንበሩ ሳይሞላ ሲቀር ኪሳራው የማን ነው?

ዓለም ላይ በዋናነት ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው ድርጅቱ ቲኬቱን ራሱ ይሰበስባል፣ ትርፍም ኪሳራም የራሱ ነው። ለከተማው ቀላል ይመስላል፣ በጀትም አይጠይቅም። ግን ያው የፒያሳው ታክሲ በትልቅ አውቶቡስ መምጣቱ ነው፣ ድርጅቱ ሰው ያለበትን መስመርና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። በሁለተኛው የቲኬቱ ገንዘብ ለከተማው ይገባል፣ ድርጅቱ የሚከፈለው በውሉ መሠረት ለሮጠው ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ሦስት ሰውም ይያዝ ሰባ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መንቀሳቀስ ነው። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ መስመሮቿን አንድ በአንድ ለጨረታ ስታወጣ ቆይታለች። የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚሄድ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣና ቲኬቱ ስንት እንደሆነ የምትወስነው ከተማዋ ናት፣ ድርጅቶቹ የሚወዳደሩት «ይህን በስንት እሠራዋለሁ» በሚለው ላይ ነው። የውሉ ዕድሜ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 5 ዓመት ሲሆን፣ ጥሩ ለሠራ 2 ዓመት ይጨመርለት ነበር።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ግን አንድ አደጋ አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ እ.ኤ.አ. የካቲት 2007 የአውቶቡስ ሥርዓቷን በአንድ ቀን ገለበጠችው። ለድርጅቶቹ ሰው ጫኑም አልጫኑም አብዛኛው ክፍያ የተረጋገጠ ነበር፣ አውቶቡሶቹ መውጣት አለመውጣታቸውን የሚከታተለው የጂፒኤስ ሥርዓት ግን አልደረሰም። አውቶቡሶቹ በበቂ ሁኔታ አልወጡም፣ ሕዝቡ ፌርማታ ላይ ተሰልፎ ቀረ። ክፍያው ተጀምሮ ቆጣሪው ከሌለ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ከመፈረም በፊት ቆጣሪው ይተከል።

አሁን ወደ ሥራው፣ ከተማውን ለምታስተዳድሩት። መጀመሪያ ደብተር ይዛችሁ ውጡ። የምሬን ነው። ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት አዘዞ፣ ማራኪ፣ አራዳና ፒያሳ ላይ ሰው አቁሙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ስንት ሰው እንደጠበቀ፣ ስንት ታክሲና ባጃጅ እንዳለፈ፣ ስንቱ ጭኖ ስንቱ ባዶ እንደሄደ በየ15 ደቂቃው ይጻፍ። አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሑድ ይበቃል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለበት ወር ግን ይሁን። ቅዳሜን አትርሱ፣ በገበያ ቀን የሚንቀሳቀሰው ሰውም ዕቃውም ሌላ ነው። ይህን ቆጠራ ያልያዘ የጨረታ ሰነድ ተጫራቹን በግምት ዋጋ እንዲጽፍ ያደርገዋል፣ ተጫራች ሲገምት ደግሞ ለራሱ አብዝቶ ነው።

ከዚያ አውቶቡሱን አስሉ። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 24 እንበል። መጫን ማውረዱ፣ የትራፊኩ፣ ሹፌሩ አረፍ የሚልበትም ተደምሮ አንድ ዙር 70 ደቂቃ ይፍጅ። በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ ከፈለጋችሁ 70ን ለ10 ማካፈል ነው፦ 7 አውቶቡስ። አንዱ ጋራዥ ሲገባ የሚተካው ሲጨመር 8። በቀን 14 ሰዓት ቢሠሩ 84 ዙር ወይም 2,016 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በኪሎ ሜትር 100 ብር ብትከፍሉ የአንድ ቀኑ 201,600 ብር ነው። ቲኬቱ 15 ብር ቢሆን ይህን ለመሸፈን በቀን 13,440 ሰው መሳፈር አለበት። በአንድ ጉዞ 80 ሰው ማለት ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይህ ሁሉ ሰው ከየት ይመጣል? አይመጣም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በየ10 ደቂቃው፣ ቀን በየ20 ደቂቃው አድርጉት። ያም ሆኖ የሚጎድለውን ከተማው ከበጀቱ ይሞላል። ይህን ድጎማ ምክር ቤቱ ቁጥሩን አይቶ ከጨረታው በፊት ያጽድቀው። አለበለዚያ በሦስተኛው ወር ክፍያ ሲዘገይ በአምስተኛው ወር አውቶቡሱ ይቆማል። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራሁበት ሥራ ክፍያ ስምንት ወር አቆይቶብኝ ስለነበር ባለንብረቶች ለምን ከመንግሥት ጋር መሥራት እንደሚፈሩ በደንብ ይገባኛል። ውሉ ላይ «በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ከተማው ወለድ ይከፍላል» የሚል አንቀጽ ይግባ፣ የሚሰጡት ዋጋም ያኔ ይቀንሳል።

አውቶቡሱን ማን ይግዛ? ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረችው አሠራር አውቶቡሱም ጋራዡም የመንግሥት ነው፣ ድርጅቱ ሹፌርና ጥገና ይዞ ይመጣል። ጥቅሙ ድርጅቱ ካልሠራ አሰናብቶ ሌላ ማምጣት ይቻላል፣ አውቶቡሱ እዚሁ ይቀራል። ጎንደር ላይ አቅሙ ከተገኘ ይህ ይሻላል። ካልተገኘና ድርጅቱ ራሱ ይግዛ ከተባለ ግን የ2 ዓመት ውል አትስጡት፣ የባንክ ዕዳውን የማይከፍልበት ውል ቁም ነገር ያለው ሰው አይፈርምም።

የጨረታ ሰነዱ ላይ የጨረታና የውል ማስከበሪያ፣ ቴክኒካልና ፋይናንሻል (የአሠራርና የዋጋ) ሰነድ በተለያየ ፖስታ፣ ይህን ሁሉ ግዥ ክፍሉ ያውቀዋል። እሱ የማያውቀው ዳገቱን ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ነው። ተጫራቹ ያቀረበው አውቶቡስ ሙሉ ተሳፋሪ የሚመዝነውን ያህል አሸዋ ተጭኖ ይውጣ፣ ቁልቁልም ይውረድ፣ ፍሬኑ ይታይ። ወረቀት ላይ የተጻፈ የፈረስ ጉልበት አትመኑ።

የዋጋ ማስተካከያውም እንዲሁ ግልጽ ይሁን። የነዳጅ ዋጋ መንግሥት የሚያወጣው ስለሆነ ማስላቱ ቀላል ነው፦ ናፍጣ ይህን ያህል ሲጨምር የኪሎ ሜትሩ ክፍያ ይህን ያህል ይጨምራል፣ ሲቀንስም ይቀንሳል። መለዋወጫ ግን ከዶላር ጋር ነው የሚሄደው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የጎማና የፍሬን ሸራ ዋጋ ምን እንደሆነ ጋራዥ ያለውን ሰው ጠይቁት። ይህን በውሉ ካልያዛችሁት ድርጅቱ ባለቀ ጎማ ይነዳል፣ ወይም ጥሎ ይሄዳል።

አሁን ባለታክሲዎቹ። እነዚህን ሰዎች ከመስመር አባርሮ አውቶቡስ ማስገባት ጠብ ነው፣ ደግሞም ግፍ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዚያች ሚኒባስ ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ባለታክሲዎቹ ተደራጅተው ኩባንያ እንዲመሠርቱ አድርጋ ራሳቸው አውቶቡሱን በኪሎ ሜትር ክፍያ እንዲያንቀሳቅሱ ውል ሰጠቻቸው፣ ፈቃዳቸውን ለመለሱትም ካሳ ከፈለች። እኛም ጋ ማህበራት አሉ። ጨረታው ከመውጣቱ ከስድስት ወር በፊት ጥሯቸው፣ የቆጠራውን ደብተር አሳዩአቸው፣ በአክሲዮን እንዲገቡ በር ክፈቱ። ሚኒባስና ባጃጁ ደግሞ አውቶቡስ የማይደርስበትን የሰፈር ውስጥ መንገድ ይያዝ። ረዳቱ ቲኬት ቆራጭ መሆን ይችላል፣ መስመሩን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቅጣቱን በመጠኑ አድርጉት። ላልተሠራ ጉዞ ክፍያ የለም፣ በዚያ ላይ ቅጣት። ዘግይቶ የመጣ ትንሽ ይቀነስበት። ቀድሞ የሄደ ግን የበለጠ ይቀጣ፣ ምክንያቱም በሰዓቱ የደረሰውን ሰው ጥሎ ነው የሄደው። ጥሩ ለሠራ ጉርሻ አስቀምጡ። ተሳፋሪው ተጨማሪ ስንት ደቂቃ ጠበቀ የሚለውን ለኩ፣ ለንደንም ቶሎ ቶሎ በሚመጡ መስመሮች ላይ የምትለካው ይህንኑ ነው። ቁጥሩን የሚሰበስበው ድርጅቱ ራሱ እንዳይሆን፣ ቲኬቱንም እንዲሁ። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ ሥርዓቷን ስትጀምር ቲኬት የሚሰበስበውን ከሚነዳው ለይታ ነበር።

ጥምቀትን ውሉ ውስጥ በስሙ ጻፉት። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ በማግስቱም ሲመለሱ መሀል ከተማው ለመኪና አይሆንም። በእነዚያ ቀናት አውቶቡሱ የት ቆሞ የት እንደሚመለስ፣ ስንት ተጨማሪ ጉዞ እንደሚወጣ፣ እንግዳ ከአዘዞ በኩል እንዴት እንደሚገባ ከአንድ ወር በፊት ይታወቅ። ከከተማው ውሳኔ ውጭ መንገድ ሲዘጋም ድርጅቱ አይቀጣ፣ ግን ላልሮጠው ኪሎ ሜትር ነዳጅ ስላልፈጀ ሙሉውን አይከፈለው።

በመጨረሻ ፌርማታው ላይ ቆርቆሮ ስቀሉ። መስመሩ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ቲኬቱ ስንት እንደሆነ፣ ሳይመጣ ሲቀር የሚደወልበት ስልክ። በትልቁ ይጻፍ፣ ዘንቢል የያዙት እናት ያለ መነጽር እንዲያነቡት። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ደመወዝም በጀቱ ውስጥ ይግባ፣ እስከ ማታ 3 ሰዓት።