ብልጭታው ሲበላሽ፦ የኢዲኤም ማሽን ችግርና መፍትሄ

ኢዲኤም ብረትን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየበላ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ ብልጭታው የሚዘለው ኤሌክትሮድ ከሚባለው መሣሪያ ወደሚቀረጸው ብረት ነው። እዚህ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አምፐር ሜትሩ ላይ ነው። መርፌው ከረጋ ሥራው ሰላም ነው ይባላል። መርፌው ግን የሚያሳየው አማካይ ብቻ ነው። በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.01 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ክፍተቱ ከረንት በማያስተላልፍ ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜ በዘይት፣ የተሞላ ነው፤ እዚያ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እሳት ይፈነጠቃል። ማሽኑ ቮልቴጅ በሰጠ ቁጥር አንድ ምት እንበለው። ከምቶቹ ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ሾርት ሆኖ እንኳ አማካዩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ እዚህ የምንነሳው ከእያንዳንዱ ምት ነው። "ፓወር ሰፕላዩ ተበላሸ" ተብሎ ቴክኒሻን የሚጠራበት ችግር፣ ሲታይ ክፍተቱ ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቦርድ ከመፍታታችሁ በፊት ብልጭታውን እዩት።

መጀመሪያ፣ ምኑን ነው የምናየው?

የሚያስፈልገው ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መውጣትና መውረድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ዲፈረንሻል ፕሮብ (ከመሬት መስመር ጋር ሳይገናኝ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ቮልቴጅ የሚለካ) እና ከረንት ክላምፕ ነው። ዲፈረንሻል ፕሮቡ ቅንጦት አይደለም። የተራውን ፕሮብ የአዞ አፍ መቆንጠጫ ኤሌክትሮዱ ላይ እንዳትሰኩ። ያቺ ሽቦ በኦሲሎስኮፑ በኩል ከመሬት መስመር ጋር የተገናኘች ናት፤ ኦሲሎስኮፑንም ማሽኑንም ይዛ ትሄዳለች። የኦሲሎስኮፑን የመሬት ሽቦ ቆርጦ "ችግሩን መፍታት" ደግሞ ሰው የሚገድል ዘዴ ነው።

ስክሪኑ ላይ አራት ዓይነት ምት ታያላችሁ።

ባዶ ምት፦ ቮልቴጁ ወደ ላይ ወጥቶ፣ 100 ቮልት እንበል፣ እዚያው ይቆያል። ከረንት የለም። ኤሌክትሮዱ ሩቅ ነው።

ጤነኛ ብልጭታ፦ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ያመነታል፣ ከዚያ ወደ 20 ወይም 30 ቮልት ይወርድና ከረንት ይፈሳል። በወረደው መስመር ላይ ደቃቅና ፈጣን መንቀጥቀጥ አለ።

አርክ፦ ማመንታት የለም። ቮልቴጁ ገና ሲነሳ ይወድቃል። ከጤነኛው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መስመሩም ለስላሳ ነው።

ሾርት፦ ቮልቴጁ ከጥቂት ቮልት አያልፍም፣ ከረንቱ ግን ይፈሳል። ብረትን አይበላም፣ ያሞቃል እንጂ።

ከአራቱ ሁሉ ዓይን የሚያሻው ያ ማመንታት ነው። ንጹህ ፈሳሽ ውስጥ ማመንታቱ ይለያያል፤ አንዱ አጭር፣ ቀጣዩ ረዥም፣ ሌላው መካከለኛ ይሆናል። ይህ መዘበራረቅ የጤና ምልክት ነው። ብልጭታው በየጊዜው አዲስ ቦታ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ማመንታቱ በየምቱ እያጠረ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ግን ፈሳሹ ካለፈው ምት ገና አላገገመም። ብልጭታው አንድ ቦታ ላይ መደጋገም ጀምሯል። ይህን ስክሪኑ ላይ ስታዩት ብረቱ ላይ ገና ምንም ጠባሳ ላይኖር ይችላል። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

አሮጌና ርካሽ ማሽኖች ግን እንዲህ ያለ ቆንጆ ምት አያሳዩም። በሶቪየት ኅብረት ባልና ሚስቱ ቦሪስና ናታልያ ላዛሬንኮ በ1943 እ.ኤ.አ. ይዘውት የመጡት የሬዚስተርና የካፓሲተር ሰርኪት ዛሬም በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ አለ። ሁለቱ ሲያጠኑ የነበረው የኤሌክትሪክ ኮንታክቶች በብልጭታ እንዴት እንደሚበሉ ነበር፤ ከጉዳቱ ሙያ ወጣ። እንዲህ ያለ ማሽን ካላችሁ የምታዩት መጋዝ የመሰለ መስመር ነው። ማመንታቱን ትታችሁ ቮልቴጁ የሚፈርስበትን ከፍታ ተመልከቱ። ሁሌ ከታች፣ ገና ሳይሞላ የሚፈርስ ከሆነ ክፍተቱ ቆሽሿል ወይም ጠብቧል።

ምልክት፦ ብረቱ ላይ ጥቁር ጉድጓድ፣ ኤሌክትሮዱ ላይ እብጠት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ድምፁ ቀድሞ ይናገራል። የጤነኛ ብልጭታ ድምፅ እንደሚጠበስ ሽንኩርት እኩል ይንጫጫል፤ አርክ ሲጀምር ድምፁ ይወፍርና ይቆራረጣል። የእሳቱም ቀለም ከሰማያዊና ነጭ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሄዳል። ከአንድ ቦታ ጥቁር አረፋ ሲወጣ ካያችሁ አትጠብቁ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ በሁለት ምቶች መካከል ያለው የማረፊያ ጊዜ አጥሯል። ምቱ 100 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማረፊያው 20 ከሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ፈሳሹ ለማገገም ጊዜ የለውም። ሁለተኛው፣ ፍሳሹ፣ ማለትም በክፍተቱ የሚገፋው ፈሳሽ፣ ቆሻሻውን አያወጣም። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ከረንቱ ለሚነካው ስፋት በዝቷል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 10 አምፐር የሚለው የተለመደ መነሻ ነው። ሥራው ሲጀመር ግን የሚነካው የኤሌክትሮዱ አንድ ጥግ ብቻ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ 6 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነው ኤሌክትሮድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የግማሽ ካሬ ሴንቲሜትር ሥራ ነው የሚሠራው። 60 አምፐር ከሰጣችሁት ጥጉን ያቃጥለዋል።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይሁን፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ስክሪኑን እዩ። ማረፊያውን በእጥፍ አሳድጉ። ማመንታቱ ከተመለሰ ምክንያቱን አገኛችሁት፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ መልሱት። ካልተመለሰ ኤሌክትሮዱ እየተነሳ የሚወርድበትን ከፍታ ጨምሩ። ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ከጎን ከሚረጭ ቱቦ ይልቅ የኤሌክትሮዱ ከፍ ዝቅ ማለት የተሻለ ያጸዳል፤ ፓምፕ ይሆናልና። ከረንቱን መቀነስ የመጨረሻው ነው፤ በመነሻው ጥግ ላይ ካልሆነ በቀር። እዚያ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። እብጠቱ አንዴ ከተፈጠረ በቁልፍ አይስተካከልም። እብጠቱ ከዘይቱ ተቃጥሎ የቀረ ካርቦን ነው። ከዙሪያው ወጣ ያለ ስለሆነ ብልጭታው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ማረፊያውን ሦስት እጥፍ ብታደርጉትም ያው ነው። ማሽኑን አቁሙ፣ ኤሌክትሮዱን አንሱ፣ ሁለቱንም ወገን ፍቃችሁ አጽዱ፣ በዝቅተኛ ኃይል ጀምሩ። "ትንሽ ይሂድና ይጠፋል" የሚለው ተስፋ ስንቱን ሞልድ አበላሽቷል።

ስለ እሳትም እዚሁ ላይ መናገር ግድ ነው። ዘይቱ ብልጭታው የሚፈነጠቅበትን ቦታ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መሸፈን አለበት። የደረጃ መቆጣጠሪያውን ስዊች በሽቦ አስሮ መሥራት የተለመደ ነው፤ አይደረግም። በዘይት ፈንታ ነጭ ጋዝ የሚጠቀም አለ፤ የነጭ ጋዝ ተን ግን ወደ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ እሳት ሊይዝ ይችላል። ለኢዲኤም ተብሎ የተሠራው ዘይት ውድ ነው፣ ግን እሳት የሚይዝበት ሙቀት ከዚያ በጣም ይርቃል። ሌሊት ሰው የሌለበት ማሽን ነጭ ጋዝ ላይ አይተውም።

ምልክት፦ ኤሌክትሮዱ ያለ ዕረፍት ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ሥራው አይገፋም

ስክሪኑ ላይ ባዶና ሾርት ይፈራረቃሉ፤ በመካከል ጤነኛ ብልጭታ ጥቂት ነው። አምፐር ሜትሩ ደግሞ ይደንሳል። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ የሰርቮው (ኤሌክትሮዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ክፍተቱን የሚጠብቀው ክፍል) ስሜት ከልክ በላይ መብዛቱ ነው፤ ትንሽ ሲጠብ በርግጎ ይሸሻል፣ ሲሰፋ ዘልሎ ይገባል። ሌላው ቆሻሻ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ኤሌክትሮዱን አንስታችሁ ክፍተቱን በደንብ አጥቡና እንደገና አስጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሰላም ከሆኑና ቀስ በቀስ መደነሱ ከተመለሰ ቆሻሻ ነው። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚደንስ ከሆነ ሰርቮው ነው፤ ስሜቱን ቀንሱ።

ምልክት፦ ሁሉም ባዶ፣ ሥራው እንደ ኤሊ

ይህ ከባድ አይደለም። የሰርቮው መነሻ ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ኤሌክትሮዱን አርቆታል፤ ዝቅ አድርጉት። ካልረዳ የብረቱን መያዣ ፈትሹ። ዝገት ወይም ቀለም ያለበት ሞርሳ ላይ የታሰረ ብረት ከረንት በደንብ አያገኝም። የኬብሉን ቡሎንም አጥብቁ።

ምልክት፦ ሾርት ይሆናል፣ አይለቅም

ኤሌክትሮዱ ሲነሳ ይለቃል፣ ሲወርድ እዚያው ይይዛል። ብረቱ በግራይንደር ማግኔት ላይ ተይዞ የተሞረደ ከሆነ ማግኔትነቱ ሳይወጣለት ቀርቶ ይሆናል። የተቆረጠው ደቃቅ ብረት ክፍተቱ ውስጥ ይጣበቅና ድልድይ ይሠራል። ማግኔትነቱን አጥፉለት። ይህን የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ቀጭን ኤሌክትሮድ ከሆነ ደግሞ የፍሳሹ ግፊት አጥፎት ከጎን ነክቶ ይሆናል፤ ግፊቱን መጨመር ሁሌ ጥሩ አይደለም።

ምልክት፦ ምቱ ቆንጆ ነው፣ ኤሌክትሮዱ ግን ያልቃል

ፖላሪቲውን፣ ማለትም ኤሌክትሮዱ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ፣ እዩ። ብረት ሲሠራ በረዥም ምት ኤሌክትሮዱ በአብዛኛው ፖዘቲቭ ነው። ኬብሉ ተገልብጦ ከሆነ ስክሪኑ ምንም ላያሳብቅ ይችላል፤ ኤሌክትሮዱ ግን እንደ ሻማ ያልቃል።

ዋየር ከት ላይ ሽቦው ሲበጠስ

ዋየር ከት በኤሌክትሮድ ፈንታ በቀጭን ሽቦ ብረት የሚቆርጥ የኢዲኤም ዓይነት ነው። እዚህ ፈሳሹ ዘይት ሳይሆን አዮኑ የወጣለት ውሃ ነው። ሽቦው ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ናስ ነው። ከመበጠሱ በፊት ያለማመንታት የሚፈነጠቁ ምቶች ይበዛሉ፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ። ሽቦው እዚያ ይግልና የውጥረቱን ኃይል አይችልም።

የተበጠሰውን ጫፍ አትጣሉት፤ በማጉያ መነጽር እዩት። ጫፉ ተስቦ የቀጠነ ከሆነ ውጥረቱ ወይም ሙቀቱ በዝቷል። በአንድ ጎን የተቦረቦረ ከሆነ ብልጭታው ተሰብስቦበታል፤ ማረፊያውን አሳድጉ፣ ፍሳሹን አስተካክሉ። ውሃውን የሚረጨው ኖዝል ከብረቱ ላይ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ መጠጋት አለበት። ላዩ ከፍ ዝቅ ያለ ብረት ስትቆርጡ ግን አይጠጋም፤ ያኔ ኃይሉን መቀነስ እንጂ ሌላ መላ የለም።

የተበጠሰበት ቦታም ይናገራል። ከላይ፣ ከብረቱ ውጪ፣ ከረንት አቀባዩ ካርባይድ አጠገብ ከሆነ፣ ካርባይዱ ላይ ቦይ ተቆፍሯል። አዙሩት፤ አዲስ ፊት ይሰጣችኋል።

ውሃውም አለ። ከረንት የማስተላለፍ አቅሙ ሲጨምር ባዶው ምት እንኳ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል፤ ስክሪኑ ላይ አናቱ ዝቅ ብሎ ታዩታላችሁ። ከረንቱ በውሃው በኩል እየፈሰሰ ነው። ብረቱም ይዝጋል። አዮኑን ከውሃው የሚያወጣውን ሬዚን ቀይሩ። ማሽኑ ላይ ያለው መለኪያ ራሱ ሊያታልል ስለሚችል በእጅ መለኪያ አመሳክሩት።

መቆጣጠሪያው ራሱ ሲዋሽ

ኦሲሎስኮፕ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይኖርም። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው ምቶቹን የሚቆጥር ትንሽ ሳጥን ሊሠራ ይችላል። ቮልቴጁን በሬዚስተር መከፋፈል፣ ሁለት ኮምፓራተር (ቮልቴጁ ከተወሰነ ልክ በላይ ወይም በታች መሆኑን የሚለይ ቺፕ) ማቆም፣ ውጤቱን እንደ 6ኤን137 ባለ ፈጣን ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን በሚያሳልፍ ቺፕ) ለይቶ ወደ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ ኮምፒውተር ቺፕ) መስደድ ነው። ከ60 ቮልት በላይ ባዶ፣ ከ15 በታች ሾርት፣ መካከሉ ብልጭታ። ከማይክሮኮንትሮለሩ የምትጠይቁት ዋና ነገር ግን ምቱ ከጀመረ እስኪወድቅ የወሰደውን ጊዜ ነው፤ አርክን ከጤነኛው የሚለየው እሱ ነውና።

ሳጥኑ ሁሉንም አርክ እያለ የሚጮህ ከሆነ፣ ብረቱ ላይ ግን ምንም ከሌለ፣ ኮምፓራተሩ ዘገምተኛ ሆኖ ይሆናል። ኤልኤም339 የሚባለው የተለመደ ኮምፓራተር ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ምት ይበቃል፤ ለ3 ማይክሮ ሰከንድ የማጠናቀቂያ ምት አይደርስም። ፕሮቡን ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ኤሌክትሮዱና ብረቱ ላይ ስኩት፤ በረዥም ኬብል ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ሾርቱን ብልጭታ ያስመስለዋል።

ሳጥን ለመሥራት ለማይመቸው፣ አሮጌ ኤኤም ሬዲዮ ማሽኑ አጠገብ ከፍቶ ማዳመጥም አለ። ብልጭታ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ አርክ ግን ያን ደቃቅ መንቀጥቀጥ ያጣል። አምፐር ሜትሩ ሳይቀንስ የሬዲዮው ጫጫታ ከደከመ ተጠራጠሩ። ቁጥር አይሰጥም፣ ጆሮን ግን ያነቃል።

መብራት ሲደክምና ሲሄድ

የኃይል መስመሩ በሚዋዥቅበት ከተማ፣ እንደ አዲስ አበባ ማለት ነው፣ ባዶው ምት የሚደርስበት ቮልቴጅ ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ በተለይ ማረጋጊያ በሌለው አሮጌ ማሽን። ትናንት የሠራው ቅንብር ዛሬ እምቢ ካለ ቁልፍ ከመነካካታችሁ በፊት የባዶውን ምት ከፍታ ለኩ። ወርዶ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ቅንብር አይደለም።

መብራት በሥራ መካከል ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ካቆመበት በሙሉ ኃይል አትቀጥሉ። ፓምፑ በቆመበት ሰዓት ደቃቁ ብረት ሁሉ ጉድጓዱ ሥር ሰፍሯል። ኤሌክትሮዱን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ እጠቡ፣ በዝቅተኛ ከረንት ጀምሩ፣ ማመንታቱ መዘበራረቅ ሲጀምር ወደ ቀድሞው መልሱት።