ናፖሊ ላይ ለአንድ ቀን ከክሩዝ ስትወርዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሙቀቱ ሲገባ ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ አሁን አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባም ይደወላል። «በክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ) እየመጣን ነው፣ ናፖሊ አንድ ቀን እንቆማለን፣ ምን እንይ?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ወደቡ ድረስ ሄጄ እቀበላለሁ፣ የምኖርባትን ከተማ አሳያለሁ። ግን በየዓመቱ ቀኑን የሚያበላሸው ነገር ያው ነው። ስለዚህ ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ትልቁን ላስቀድም። በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችውን ጥንታዊቷን ፖምፔይን፣ የካፕሪን ደሴትና የአማልፊን የባሕር ዳርቻ በአንድ ቀን ለማየት ማቀድ! እባካችሁ ይህን ተዉት። ሁሉም ሰው ሂሳቡን የሚጀምረው መርከቡ ከሚደርስበት ሰዓት ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት ገብቶ ማታ 12 ሰዓት ይወጣል፣ 11 ሰዓት ሙሉ አለን» ይላል። የላችሁም። መርከቡ ወደብ ስለነካ ወዲያው አትወርዱም። ፈቃድ ይጠበቃል፣ ከዚያ በደረጃውና በሊፍቱ ሰልፍ አለ። ማታም ተሳፋሪ ሁሉ ተመልሶ መግባት ያለበት ሰዓት ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቀድማል። እናንተ ደግሞ ከዚያም አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ አካባቢ መሆን አለባችሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ከተማ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም። ቀነስ ቀነስ ስታደርጉት በእጃችሁ የሚቀረው ሰባት ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው።

አሁን ፖምፔይን ብቻ አስቡ። ከወደቡ ፊት ለፊት ካለው ሙኒቺፒዮ ጣቢያ በሜትሮ እስከ ጋሪባልዲ፣ ከዚያ ቺርኩምቬዙቪያና የሚባለውን የሶሬንቶ ባቡር ትይዛላችሁ። ባቡሩ ራሱ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። መጠበቁና መሰለፉ ሲጨመር ከመርከብ እስከ በሩ አንድ ሰዓት ተኩል ሊደርስ ይችላል። ውስጡ ደግሞ ሙሉ ከተማ ነው፣ 66 ሄክታር ገደማ፣ ከሱም ሁለት ሦስተኛው ተቆፍሮ የወጣ። ከሦስት ሰዓት ባነሰ የሚታይ አይደለም። ተመልሳችሁ ስትመጡ ቀኑ አለቀ። ካፕሪም እንደዚያው ነው። ፈጣኑ ጀልባ 50 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፣ ደሴቱ ላይ ስትወርዱ ሌላ ሰልፍ ይጠብቃችኋል፣ ባሕሩ ከተናወጠም ጀልባው ሊሰረዝ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ያን ጊዜ ያላችሁት ደሴት ላይ ነው። የአማልፊ መንገድ ገደል ዳር የሚጠማዘዝ አንድ ጠባብ መንገድ ነው። በሙቀቱ ወራት መኪናው ተደርድሮ ስለሚቆም በዚያው ዳርቻ ያለችውን ፖዚታኖን በመስኮት አይተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

አንድ ቤተሰብ አይረሳኝም። ልጆቹ ሚኒባስ ተከራይተው ሶሬንቶን፣ ፖዚታኖንና ፖምፔይን በአንድ ቀን አሰልፈዋል። አባታቸው ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሲያስተምሩት የኖሩትን ፖምፔይን ለማየት ነው የመጡት። ፖዚታኖ ላይ ፎቶ ሲነሱ፣ ምሳ ሲበሉ፣ መንገዱም ሲዘጋጋ ፖምፔይ የደረሱት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አልፎ ነው። ጋሼ አደባባዩን አይተው ወደ መታጠቢያ ቤቶቹ ሲያመሩ «አባዬ፣ መርከቡ!» ተባሉ። ምንም አልተናገሩም፣ ዝም ብለው ዞሩ። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ ለሚደውልልኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከመካከላችሁ ትልቁ ሰው ምን ማየት ይፈልጋል?» ብዬ ነው። አንድ ነገር ምረጡ። የቀረው ይቅር።

ሰዓትን በተመለከተ ሌላም አለ። ከአገር ቤት የምትመጡ፣ የመርከቡ ወረቀት ላይ 17:30 ከተባለ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ለእናትና ለአባት በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። መርከቡ ከግሪክ የመጣ ከሆነ ደግሞ ግሪክ ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ የእጅ ሰዓታችሁንና የመርከቡን ሰዓት ከመውረዳችሁ በፊት አስተያዩ።

በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ መርከቡ አይጠብቅም። የመርከቡን ጉብኝት ከገዛችሁ ግን፣ አውቶቡሱ ቢዘገይ ኃላፊነቱ የነሱ ነው። ስለዚህ ወደ ሩቅ ቦታ፣ በተለይ ወደ አማልፊ የምትሄዱ ከሆነ፣ ቢወደድም ከመርከቡ ግዙ። ናፖሊ ውስጥ ለመዞር ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ይህን ልብ በሉ። ክሩዙ ከጣሊያን ተነስቶ ቱርክን ወይም ቱኒዚያን ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) ወጥታችሁ እንደገና እየገባችሁ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃችሁም። ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ፣ የምትቆሙባቸውንም አገሮች አንድ በአንድ ዘርዝራችሁ አረጋግጡ። ትኬቱን ከፍሎ ቪዛውን በኋላ የሚያስብ ሰው ሳይ እጨነቃለሁ።

የፖምፔይ ትኬት ከኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስም ነው የሚሸጠው፣ በቀን የሚገባውም ሰው 20,000 ላይ ተገድቧል። ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፣ መታወቂያም ያዙ። የምትወርዱበት ጣቢያ «ፖምፔይ ስካቪ» ነው። ዝም ብሎ «ፖምፔይ» የሚል ሌላ ጣቢያ አለ፣ እሱ አዲሱ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከዋናው መግቢያ ያርቃችኋል። መንገዱ የጥንት ድንጋይ ነው፣ ጥላ የለም። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋችሁ አትምጡ።

ማክሰኞ ከወረዳችሁ ናፖሊ ውስጥ ያለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ዝግ ነው።

አሁን ደግሞ ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ናፖሊ ሌባ ነው» ተብሎ ስለተነገራቸው ከመርከቡ የማይወርዱ አሉ! ሌባ አለ፣ አልክድም። የአንገት ወርቃችሁን መርከቡ ላይ አውልቁት። ስልካችሁን እያያችሁ በመንገድ ዳር አትሂዱ፣ በሞተር ሳይክል መጥተው ይነጥቃሉ። ቦርሳችሁን በግድግዳው በኩል ያዙት። ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አትፍሩ።

ምክንያቱም ይህ ከተማ ለኛ የተለየ ነገር አለው። ከወደቡ ስትወጡ ፊት ለፊት የሚታየው ባለ አምስት ግንብ ቤተ መንግሥት ካስቴል ኑኦቮ ነው። በሩ ላይ ነጭ የእብነ በረድ ቅስት አለ፣ የናፖሊ ንጉሥ አልፎንሶ በ1443 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ ከተማዋ ሲገባ ተቀርጾበታል። የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልእክተኞች በ1450 ናፖሊ የመጡት ወደዚሁ ንጉሥ ነው። ዓድዋ ላይ የተዋጉት ብዙ የጣሊያን ወታደሮችም ወደ ምጽዋ የተሳፈሩት ከዚሁ ወደብ ነው። በ1935ም ለፋሺስቱ ወረራ ሲመጡ እንዲሁ። ለልጆቻችሁ ይህን እዚያው ቆማችሁ ስትነግሯቸው ዓይናቸው ይለወጣል። ፉዎሪግሮታ በሚባለው ሰፈር ደግሞ፣ ፋሺስቶቹ በ1940 ለቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ብለው የጎንደሩን የአፄ ፋሲል መዋኛ አስመስለው ሠርተዋል። ሕንፃው እስከ ዛሬ ሞስትራ ዶልትሬማሬ በተባለው ግቢ ውስጥ አለ። ግቢው ለጎብኚ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ጊዜ ከሌላችሁ ስፓካናፖሊ የሚባለውን ቀጥ ያለ ጠባብ መንገድ በእግር ሂዱበት፣ ብቻውን የግማሽ ቀን ደስታ ነው።

ምግብ። ወደቡ አካባቢ ምናሌው በአምስት ቋንቋ የተጻፈና ፎቶ የተለጠፈበት ቤት አትግቡ፣ አሥር ደቂቃ ወደ ውስጥ ሂዱ። ረቡዕ ወይም ዓርብ የምትጾሙ አትቸገሩ። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። እትዬ የሚሏት አንዲት ሴት የመርከቡ ምግብ ጾም አይደለም ብላ ሦስት ቀን በፍራፍሬ ቆይታ ይህን ስታገኝ ሁለት በላች። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል።

ታክሲ ነጭና የከተማው ምልክት ያለበት ይሁን። ለተወሰኑ መስመሮች የተቆረጠ ዋጋ አለ፣ መኪናው ሳይነሳ በተቆረጠው ዋጋ እንደምትሄዱ ተነጋገሩ።

በመጨረሻ፣ በየቀኑ ካቢናችሁ ውስጥ የሚቀመጠውን ወረቀት ፎቶ አንሱት። የመመለሻው ሰዓትና የወደቡ ወኪል ስልክ እዚያ ላይ ይገኛል። የፓስፖርታችሁን ቅጂና ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ገንዘብም ያዙ፣ የዘወትር መድኃኒት ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን። መርከቡ ካመለጣችሁ ወደቡ ላይ ቆማችሁ አታልቅሱ፣ ወዲያው ለወኪሉ ደውሉ። ፓስፖርታችሁ ካቢናችሁ ውስጥ ከቀረ ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ለሱ ትተውለት ነው የሚሄዱት።