የዛገ ሙስታንግ እያደሳችሁ ከሆነ፦ ወለሉን ከመቀየራችሁ በፊት ካውሉን (ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ገንዳ) እዩ

ይህ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1968 ያለውን ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ገዝተው እቤታቸው ለማደስ ለተነሱ ነው። በተለይ እንደ ሚኒሶታና ኦሃዮ በብርድ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አካባቢ ለምትኖሩ። መበየድ፣ መኪና ካቫሌቶ ላይ ማቆምና ከብየዳ በፊት ባትሪ መንቀል ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው።

ምንጣፉ ይረጥባል፣ ወለሉ ተበስቷል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ባለቤቱ ምንጣፉን ሲያነሳ ላሜራው በጣት ይፈረፈራል፣ በቀዳዳው መሬት ይታያል። ወዲያው አዲስ ወለል ያዛል። ቆዩ፣ አትዘዙ! የመንገድ ጨው ወለልን የሚበላው ከታች ነው። ዝገቱ በምንጣፉ በኩል ከጀመረና ወደ እግር ማሳረፊያው ጥግ እየባሰ ከሄደ፣ ውኃው የመጣው ከላይ ነው።

ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከኮፈኑ ጀርባ ወንፊት አለ። ከወንፊቱ በታች ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በነጥብ ብየዳ የተዘጋ ገንዳ አለ፤ ካውል የሚባለው እሱ ነው። ዝናቡ በወንፊቱ ገብቶ በገንዳው ግራና ቀኝ፣ ከፓራፋንጎዎቹ ጀርባ ወደ መሬት ይወርዳል። ገንዳው ላይ ሁለት የአየር ቀዳዳ አለ፤ የቀኙ ለማሞቂያው፣ የግራው ለሾፌሩ ንጹሕ አየር። ውኃ እንዳይገባባቸው ዙሪያቸውን የላሜራ አንገት ቆሞላቸዋል። ቅጠልና አፈር እዚያ ተጠራቅሞ እርጥበት ይይዛል፣ አንገቱም ከሥሩ ይበሰብሳል። ገንዳው አንዴ ከተዘጋ ወዲያ ቀለም በወጉ የሚደርስበት መንገድ የለም። ከውጭ የሚያብረቀርቅ መኪና ውስጡ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ።

ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ሰው ከክሩስኮቱ ሥር የእጅ ባትሪ ይዞ ይተኛ፣ ሌላው በወንፊቱ በኩል በቀስታ ውኃ ያፍስስ፤ መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ። ከአየር ቀዳዳው ዙሪያ ከተንጠባጠበ ካውሉ አልቋል። ከክሩስኮቱ የላይኛው ጥግ ከወረደ የመስታወቱ ጎማ ነው። ዝናብ ሳይኖር የሚረጥብ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸትና ጣት ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ የማሞቂያው ራዲያተር ነው የሚያፈሰው፤ ካውሉን አትንኩት።

አንድ የአገራችን ልጅ ወለሉን በጥሩ በያጅ አስቀይሮ፣ ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ወለል ዝጎ መጣ። ብየዳው ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። ካውሉን ስከፍተው ከዚያ በፊት የነበረ ሰው በወንፊቱ በኩል ሬንጅ አፍስሶበታል! ሬንጁ ከላሜራው ተላቆ፣ በመካከላቸው ጥቁር ጭቃና የሜፕል ዛፍ ፍሬ ሞልቷል። አንገቶቹ በእጄ ተነሱ። ሬንጅ፣ ሲሊኮን፣ ፋይበርግላስ ዝገት ላይ አይያዝም፤ ውኃውን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል እንጂ። ይህን ሠርቶ መኪና የሚሸጥ ሰው ገዢውን እየበደለ ነው።

ዝናብ የማያገኘው መኪና ከሆነና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ በአንገቱ ላይ የሚለጠፉ የፕላስቲክ አንገቶች ይሸጣሉ። ጊዜ ይገዙላችኋል፣ ዝገቱን ግን አያቆሙም።

እውነተኛው ጥገና ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የፊት መስታወቱን ማውረድ ይጠይቃል። ከዚያ የነጥብ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በትራፓኖ ቁረጡ። የላይኛውን ላሜራ ብቻ! ሁለቱንም የበሳ ሰው የሚደፍነው ቀዳዳ ያበዛል። የላይኛው ሲነሳ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ አውጡ። ዝገት መለወጫ ፈሳሽ ላዩ ለዛገ ብረት ነው፤ የተበሳውን አይመልስም።

በርካሽ የሚሸጡት ላሜራዎች ስስ ናቸው፣ ጠርዛቸውም ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ምንም ሳትበይዱ በመቆንጠጫ ያዙና ፓራፋንጎና ኮፈን መልሳችሁ ግጠሙ፤ ክፍተቱ እኩል መሆኑን ካያችሁ በኋላ ብቻ በይዱ። በ0.6 ሚሊሜትር ሽቦና 75 በመቶ አርጎን፣ 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ጋዝ በሚግ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ። በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር ከሳባችሁ ላሜራው ይጣመማል። ሁለቱ ላሜራ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብየዳ የሚችል የዚንክ ፕራይመር፣ የቀረው ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በመጋጠሚያው ላይ ማሸጊያ።

የላይኛውን ከመዝጋታችሁ በፊት ማሸጊያው ይድረቅና ገንዳው ላይ ውኃ አፍስሱ። አንዲት ጠብታ ካያችሁ አትዝጉ። ወለሉ የሚቀየረው ከዚህ በኋላ ነው።

በሩ አልዘጋ አለ፣ ወይም ከላይ በኩል ክፍተቱ ጠበበ

በሩን ከፍታችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ነው። ካልተንቀሳቀሰ አካሉ ጎብጧል። ሙስታንግ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ከበሩ ሥር የሚሄደው ሳጥንና ወለሉ ናቸው ሻንሲው። የሁለቱንም ጎን ሳጥን ባንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው አይቻለሁ፤ መኪናው ጣሪያው የሚታጠፍ ነበር፣ መሃሉ ወረደና በሮቹ ከነጭራሹ አልገጥም አሉ። የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ቱቦ ደግፋችሁ በይዱ፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ ጎማው በሚያርፍበት በኩል ተደግፎ ይቁም፣ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሌላውን ጀምሩ።

የባትሪው ማስቀመጫ ተበልቷል

አሲድ ነው። በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ላሜራውን ቀይሩ።

ቀለሙ ሥር አረፋ

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ። ካልያዘ ስቱኮ ነው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል።

የኋላው ኮፈን ውስጥ ቤንዚን ይሸታል

በዚህ መኪና የነዳጅ ሰልባትዮው የላይኛው ፊት ራሱ የዕቃ መጫኛው ወለል ነው። ከኋላ በኩል ምንም ነገር ከመበየዳችሁ ወይም በግራይንደር ከመንካታችሁ በፊት አውጡትና ከጋራዡ አርቁት። ባዶ ነው ብላችሁ አትተዉት! ባዶው ነው የሚፈነዳው፤ ትነቱ ውስጡ ነው።

ሌላም አለ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ያጠባችሁትን ብረት አትበይዱ፤ የብየዳው ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣበታል። ጣሪያው ከኋላው ጎን ጋር የሚገናኝበት መስመር ፋብሪካ ውስጥ በእርሳስ ብረት የተሞላ ነው፣ የድሮው ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ያለ ጭምብል አትፋቁ፣ ልጆች ባሉበትም አትፋቁ።

ከቀለም በኋላ በበሩ ሥር ባለው ሳጥንና በበሮቹ ውስጥ የውስጥ ሰም ርጩ። ከመርጨታችሁ በፊት ከታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀለምና በማሸጊያ አለመደፈናቸውን በሽቦ እየወጋችሁ አረጋግጡ፤ ሲደርቅም ደግማችሁ ውጉ።