ሴፍ ማከማቻ «ፈቃድ የለዎትም» ሲል

በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራው የሴፍ ኦብጀክት ማከማቻ የፈቃድ ስህተት ሲያሳይ፣ በቅድሚያ መለየት የሚገባው ከልካዩ የሊነክስ ፋይል ሥርዓት ነው ወይስ ሴፍኤክስ የሚባለው የሴፍ የራሱ ማረጋገጫ የሚለው ነው።

ዲስክ የሚያስተዳድረው ኦኤስዲ የስህተት ቁጥር 13ን በሎግ መዝግቦ አልነሣም ካለ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋይል ባለቤትነት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኢንፈርናሊስ ዕትም ወዲህ የሴፍ አገልግሎቶች ሙሉ ሥልጣን ባለው የሊነክስ ተጠቃሚ በሩት ሳይሆን ሴፍ በተባለ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠሩ፣ አስተዳዳሪው በሩት ሥልጣን በሚያሠራው በሱዶ ትእዛዝ ሲነካካ የሩት ንብረት ሆነው የቀሩ ፋይሎች አይከፈቱላቸውም። ስለዚህ አገልግሎቱን አቁመው የዳታ ማውጫውን ባለቤት፣ ባለቤትነትን በሚቀይረው በቻውን (chown) ትእዛዝ ወደ ሴፍ ይመልሱ። ለሁሉም ሰው ፈቃድ መክፈት ግን ስህተቱን መሸፈን እንጂ ማረም አይደለም። ዲስኩ ከሌላ ሰርቨር የመጣ ከሆነ ከስሙ ይልቅ የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ይመልከቱ፤ በሬድ ሃት 167፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ 64045 ነውና።

አገልግሎቶቹ በደህና እየሠሩ የተከለከለው ማከማቻውን የሚጠቀመው ፕሮግራም (ደንበኛው) ብቻ ከሆነ፣ «ሴፍ ኦውዝ ጌት» (ceph auth get) በሚለው ትእዛዝ ደንበኛው በሴፍኤክስ የሚለይበትን ቁልፍ ፈቃዶች ያንብቡ። የክላስተሩን ሁኔታ የሚከታተለውን አገልግሎት፣ ሞኒተሩን፣ ማንበብ ተፈቅዶለት በኦኤስዲ ላይ የሚፈለገው ፑል (የዳታ ክፍል) ያልተፈቀደለት ቁልፍ ይገናኛል እንጂ ዳታ አይጽፍም። ሲያስተካክሉም ይጠንቀቁ፦ «ሴፍ ኦውዝ ካፕስ» (ceph auth caps) የተባለው ትእዛዝ የቀድሞውን ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ስለሚተካ፣ አዲሱን ብቻ ሳይሆን ነባሩንም አብረው መጻፍ አለብዎት።

ዳታን በድር ጥያቄ በሚያስተላልፈው በኤስ3 (S3) በኩል «ተከልክሏል» የሚለው የስህተት ቁጥር 403 ከመጣ ደግሞ፣ የመዳረሻ ፖሊሲውን ከመመርመርዎ በፊት የደንበኛውንና የሰርቨሩን ሰዓት ያነጻጽሩ፤ ከ15 ደቂቃ በላይ የተዛነፈ ጥያቄ ቁልፉ ትክክል ቢሆንም ውድቅ ይሆናል።