ከቀይ ሽንኩርት ዲኤንኤ ማውጣት፦ በሱቅ ዕቃ፣ በቤት ውስጥ

ባዮሎጂ ተመርቄ ሱቅ ከፈትኩ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት። ስኳር፣ ዘይት፣ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል። ዳቦ የተላኩ ልጆች ደብተራቸውን ባንኮኒው ላይ ይዘረጋሉ። "እትዬ፣ ነገ ፈተና አለን።" የዲኤንኤን፣ ያ የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል፣ ትርጉም ጠይቋቸው፣ በቃላቸው ያንበለብሉታል። "የት ነው የሚገኘው?" ስትሏቸው ግን "ደም ውስጥ" ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ዝም ነው።

ለነሱ የሚሻለው አውጥቶ ማሳየት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ዕቃውም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ደግሞ የሚጨመረው ነገር ሁሉ ስለ ዲኤንኤ አንድ ነገር ይናገራል። ላርጎው ለምን? ጨውስ? አልኮሉስ? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ልጅ የዲኤንኤን ቅርጽ ጥያቄ ከግማሽ በላይ ጨርሷል። ስለዚህ ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ እባካችሁ "ለምን"ን አትዝለሉ።

ዕቃው

አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ላርጎ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የሻይ ማጥለያ፣ ፋሻ፣ ስቴኪኒ። የአረቄ መለኪያ፣ ጥርት ያለና ጠበብ ያለው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ግን አይሁን። ሳይሟሟ የቀረው ደቃቅ ነጭ ነገር በኋላ ያደናግራችኋል።

ዋናው አልኮሉ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን፣ ጄል ያልሆነውን ግዙ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ካገኛችሁ እሰየው። 70ውም ይሠራል፣ መጠኑ ብቻ በዛ ይበል። ጠርሙሱን በደንብ ከድናችሁ ከዋዜማው ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። እኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ በሩን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ። ጠርሙሱ ላይ "አይጠጣም" ብላችሁ ጻፉ። ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብም አትሥሩ፣ አልኮል እሳት ሲያገኝ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ደንበኛዬ ጋሼ "ዳግም አረቄስ አይሆንም?" ብለውኝ ነበር። አይሆንም። ከሽንኩርቱ ውሃ ጋር ሲገናኝ ይሳሳል፣ ዲኤንኤውም ሟሙቶ ይቀራል። "እንኳን አልሆነ!" ብለው ሄዱ።

አሠራሩ

ሽንኩርቱን ለወጥ እንደምትከትፉት አድቅቃችሁ ክተፉ። ቢላው የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራል። የተክል ሴል ከውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው፣ ሳሙና ብቻውን አይደፍረውም። ጨውን በውሃው አሟሙ። ላርጎውን ጨምራችሁ በዝግታ አዋህዱ። አረፋ አታስነሱ፣ በኋላ እይታ ይጋርዳል። ከዚያ ሽንኩርቱ ላይ አፍስሱት።

አሁን ሳሙናው ተራውን ይይዛል። የሴሉ ሽፋን ከቅባት ነው የተሠራው። ዲኤንኤው ያለበት የኒውክለሱ፣ የሴሉ እምብርት፣ ሽፋንም እንዲሁ። ላርጎ የወጥ ቅባት ከሳህን የሚያስለቅቀው በምን ከሆነ፣ ሁለቱን ሽፋኖች የሚበታትነውም በዚያው ነው። "የት ነው የሚገኘው?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ዲኤንኤ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ጥቂት ደግሞ ለሴሉ ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ፣ አረንጓዴ የተክል ክፍል ከሆነም ክሎሮፕላስት ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ሽንኩርቱ ያለበትን ሳህን ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። የሚፈለገው 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ለሌለው ዘዴ አለ። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለት እጅ የፈላ፣ አንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ቀላቅሉ። ሳህኑና ሽንኩርቱ ትንሽ ሲያበርዱት ወደሚፈለገው ይጠጋል። ሙቀቱ የሴሉን ግድግዳ ያለሰልሳል። ዲኤንኤን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞችም ያዳክማል። እነዚህ ኢንዛይሞች በጤናው ጊዜ ሴሉ ውስጥ ተለይተው ተቀምጠዋል፣ እናንተ ግን ቤቱን አፍርሳችሁ ሁሉን ቀላቅላችኋል። ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከታችሁ አብርዱት።

ሲበርድ በሹካ ጫን ጫን አድርጉት። ሙቀጫ ካላችሁ ትንሽ ብቻ ውቀጡት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩልና ጁስ መፍጫ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያዞረዋል። ዲኤንኤ በጣም ረጅምና በጣም ቀጭን ነው፣ ምላጩ ይበጣጥሰዋል። የተበጣጠሰው በስቴኪኒ አይጠቀለልም። አሁን ፋሻውን ማጥለያው ላይ ዘርግታችሁ አጥልሉ። አትጭመቁት፣ በራሱ ይውረድ።

መለኪያውን እስከ ሢሶው በወረደው ውሃ ሙሉ። አልኮሉን ከፍሪዘር አውጡ። መለኪያውን አጋድላችሁ በግድግዳው በኩል በዝግታ አንሸራትቱት፣ እስኪሞላ። ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይቀመጣል። አትበጥብጡ።

ከዚያ መለኪያውን ዓይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ ጠብቁ። ከታች ሐመር ሐምራዊ የሽንኩርት ውሃ አለ። ከላይ ጥርት ያለ አልኮል። መገናኛቸው ላይ መጀመሪያ ጭጋግ ይታያል። ከዚያ ነጭ ጭረት ይወጣል። ትናንሽ የአየር ፊኛዎች ይይዙትና ወደ ላይ ይጎትቱታል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዝልግልግ ያለ ነጭ ክር ይሆናል። ስቴኪኒውን መገናኛው ላይ አስገብታችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አዙሩ። ይጠቀለላል። ስታነሱት አይበጠስም፣ ይሳባል።

ጨውና አልኮል ለምን?

ዲኤንኤ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ክሮች ነው። ክሮቹ ከውጭ በኩል ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ የተሠሩ ናቸው። ፎስፌት ነጌቲቭ ቻርጅ አለው። ስለዚህ ክሮቹ ከውሃ ጋር ይስማማሉ፣ እርስ በርስ ግን ይገፋፋሉ። የጨው ሶዲየም ፖዘቲቭ ነው። ፎስፌቱ ላይ ይጠጋና ግፊያውን ያበርዳል። በውሃ ውስጥ ግን ሶዲየሙ በደንብ አይጠጋም፣ ውሃው ይከላከላል። አልኮል ሲመጣ ይህ መከላከያ ይዳከማል። ያኔ ክሮቹ ይሰባሰባሉ፣ ከውሃውም ይወጣሉ። ጨው ካልገባ አልኮሉ ብቻውን ብዙ አይረዳችሁም።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ "ይሄ የላርጎ አረፋ ነው" ብሎ ድርቅ አለብኝ። ደስ የሚል ጥርጣሬ ነው። እናንተም ሌላ መለኪያ አዘጋጁ። ሽንኩርት የሌለበት የላርጎና የጨው ውሃ አድርጋችሁ አልኮሉን ጨምሩበት። ክሩ አይወጣም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሽንኩርቱ የወጣውም ንጹሕ ዲኤንኤ አይደለም። አርኤንኤ (የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ)፣ ፕሮቲን፣ ትንሽ ፔክቲንም (የሴል ግድግዳ ሙጫ) አብሮት አለ። ሙዝ ከተጠቀማችሁ ፔክቲኑ ይበዛል፣ ለዚህ ነው እኔ ሽንኩርት የምመርጠው። የዲኤንኤ መረጃ የተጻፈባቸውን ኬሚካሎች ፊደል እንበላቸው። የሽንኩርት አንድ የክሮሞዞም (የተጠቀለለ ዲኤንኤ) ስብስብ 16 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ሲኖሩት የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። የፊደል ብዛት ብልጠት አያመጣም ማለት ነው።

"ደም ውስጥ" ለሚሉት ልጆች ደግሞ ይህን ንገሯቸው። የሰው ቀይ የደም ሴል ሲጎለምስ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ከደማችን ዲኤንኤ የሚገኘው ከነጭ የደም ሴሎች ነው። የዶሮ ቀይ የደም ሴል ግን ኒውክለስ አለው። ለበዓል ዶሮ ስትባረክ የሚፈሰው ደም በዲኤንኤ ከኛ እጅግ ይበልጣል።

ያየነውና ያላየነው

ጥምዝምዙን በዓይን አታዩትም። ውፍረቱ 2 ናኖ ሜትር ነው፣ የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጥፍ። የምታዩት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ክሮች አንድ ላይ ተያይዘው ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ያ ሁሉ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ በማይሞላ ኒውክለስ ውስጥ ይገባል። እንዴት? ፈትል በእንዝርት ላይ ተጠቅልሎ ልቃቂት እንደሚሆነው፣ ዲኤንኤም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠቀለላል። አንዱ ጥቅል 147 ያህል ጥንድ ፊደላት ይይዛል። ጥቅሉ እየተደራረበ ክሮሞዞም ይሆናል። ለሥራ ሲፈለግ ያ ቦታ ብቻ ይላላል።

ዲኤንኤን መጀመሪያ ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ፍሪድሪክ ሚሸር ነው፣ በ1869 እ.ኤ.አ.፣ ከሆስፒታል ፋሻ ላይ ካጠበው መግል። እናንተ ሽንኩርት ነው የደረሳችሁ፣ አመስግኑ። ቅርጹ የታወቀው ግን በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ ያነሱት የኤክስሬይ ምስል ጥምዝምዙን አሳየ። ሳይንቲስቶቹ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክም ሞዴሉን ሠሩ።

በሁለቱ ክሮች መካከል አራት ፊደላት አሉ። አዴኒን ከታይሚን ጋር ብቻ ይጣመራል፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ብቻ። ሴል ሲከፈል ክሮቹ ይለያያሉ፣ እያንዳንዱም ጎደሎውን ይሞላል። አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን ሳታዩ መጻፍ ትችላላችሁ። ልጆቹን ይህንን ነው ደጋግሜ የማሠራቸው።

ክሩን ማቆየት ከፈለጋችሁ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክደኑት። ዲኤንኤ ከተመቸው ብዙ ይቆያል። ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ ከተባለ ዋሻ የተገኘ ሰው 4,500 ዓመት ገደማ የሞላው ነው። ዋሻው ቀዝቃዛ ስለነበር ከውስጠኛው ጆሮ አጠገብ ካለው አጥንት ሙሉ ዲኤንኤው ተነበበ። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከአፍሪካ ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ዲኤንኤ ነው።

ፊደሉን ማንበብ

ይህ ክፍል ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። አ፣ ታ፣ ጉ፣ ሳ ብላችሁ አሳጥሩ። ቀጥሎ ያለው ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን አንዱ ክፍል፣ የቤታ ግሎቢን ጅማሬ ነው፦

አታጉ ጉታጉ ሳአታ ሳታጉ አሳታ ሳሳታ ጉአጉ ጉአጉ

ሴሉ መጀመሪያ ይህን በአርኤንኤ ይገለብጠዋል። በታ ፈንታ ዩ፣ ማለትም ዩራሲል፣ ይገባል። ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ክፍል፣ ራይቦሶም፣ ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ ለእያንዳንዱ አንድ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) ያያይዛል። ይህ ሲነበብ ሜቲዮኒን፣ ቫሊን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ ይሆናል። መጀመሪያ ያለው ሜቲዮኒን ኋላ ይቆረጣል። ሦስት ሦስት ፊደላት 64 ዓይነት ይሆናሉ። 61ዱ ለ20 አሚኖ አሲዶች ያገለግላሉ፣ ሦስቱ "አቁም" ይላሉ።

አሁን የመጀመሪያውን ጉአጉ መካከለኛዋን አ አጥፉና ታ ጻፉ። ጉታጉ ሆነ። ግሉታሚክ አሲድ ቀርቶ ቫሊን ገባ። ይህችው አንዲት ፊደል ናት የሲክል ሴል በሽታ መነሻ። ኦክስጅን ሲያንስ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይረዝማሉ፣ ቀይ የደም ሴሉም ታጥፎ ማጭድ ይሆናል። ከእናትም ከአባትም የወረሰ ይታመማል። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ይጠበቃል። በወባማ አካባቢዎች የበዛውም ለዚህ ነው።

ጉዳት የሌለው የፊደል ለውጥም ግን አለ። ጉአጉን ጉአአ አድርጉት፣ ያው ግሉታሚክ አሲድ ነው። ሳአታን ሳአሳ አድርጉት፣ ያው ሂስቲዲን ነው። ሳአታን ሳአአ ብታደርጉትስ? የመማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ሠንጠረዡ አለ፣ አውጥታችሁ ፈልጉት። ሂስቲዲን እንዳትሉ።