ሳንጣላ ጓደኛ የምናጣባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ብቸኛ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። እድሩ አለ፣ እቁቡ አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ፣ ጎረቤት ቡና ይጠራል። ግን ትምህርት ጨርሰው እዚሁ የቀሩትን፣ ለሥራ ከሌላ ከተማ የመጡትን ጠይቋቸው። "ሰው አውቃለሁ፣ ጓደኛ ግን የለኝም" የሚል አይጠፋም። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ብያለሁ። ካጣኋቸው ጓደኞቼ ግን ከአንዳቸውም ጋር አልተጣላሁም።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ ከ308,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች፣ ጥናቶቹ በተከታተሏቸው ጊዜያት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ የበለጠ ነበር።

"የልብ ወዳጅ ባይገናኙም አይጠፋም" ማለት

እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1992 የጦጣና የዝንጀሮ ዝርያዎችን አንጎል ከመንጋቸው ብዛት ጋር አነጻጸረ። ከዚያ ተነስቶ አንድ ሰው በወጉ ይዞ ሊያቆይ የሚችለው ግንኙነት 150 ገደማ ነው አለ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው ውስጡ ነው። በጣም የሚቀርቡን 5 ያህል ናቸው፤ ክቡ ሲሰፋ 15፣ ከዚያ 50 ይሆናሉ። ውስጠኛው ክብ ውስጥ የሚያቆየው መገናኘት ነው። ያልተገናኘ ሰው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቦታውንም ሌላ ይይዘዋል።

ዘመድ ይሄን ይችለዋል። የአክስትህን ልጅ ሦስት ዓመት ባታየው ለሠርጉ ይጠራሃል። ጓደኛ ግን እንደዚያ አይደለም።

ቶሎ ተስፋ መቁረጥ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ ቡና ጋበዘኝ። ወሬያችን አልጥም አለኝ። ሙድ የለውም ብዬ ተውኩት።

በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት እንዲያድግ 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል። ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 በላይ።

እስቲ በቡና እናስላው። ጣና ዳር ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠናል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ዞሮልናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል እንበል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ 200 ሰዓት ለመሙላት 100 ሳምንት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የዶርም ጓደኝነት ለምን ቶሎ እንደሚጠና የገባኝ ያኔ ነው። እዚያ ሰዓቱ ሳይታሰብ ይሞላል። እኔ ግን በአራት ሰዓት ፈረድኩበት።

በነገራችን ላይ፣ አብሮ መሥራት ብቻውን ያን ያህል አያቀራርብም። ሆልም ይሄን አይቷል። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሦስት ዓመት ሠርተን የልጆቹን ስም የማናውቅ ባልደረባ አለን። ከቢሮ ውጭ ያለው ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

የሰላምታ ሰውን መናቅ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ አሜሪካውያንን ያን ሰው ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠይቋል። ከ5ቱ ከ4 በላይ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛህ የሚሰማውን አንተም ሰምተኸዋል። አዲስ ወሬ ያለው ሌላ ሰፈር የሚውለው ሰው ጋ ነው። አሁን የምኖርበትን ቤት ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ወር ፈልገን አጥተነዋል። የነገረችኝ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ ናት። ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር።

የሌላውን ጓደኛ መቁጠር

ሁሉም ከእኔ የበለጠ ጓደኛ ያለው ይመስለኝ ነበር። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ስኮት ፌልድ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳየው ይሄ ከሂሳቡ የሚመጣ ነው። ብዙ ጓደኛ ያለው ሰው በብዙ ሰው ጓደኞች መሐል ይቆጠራል። ስለዚህ የአብዛኞቻችን ጓደኞች በአማካይ ከእኛ የበለጠ ጓደኛ አላቸው። ጉድለት አይደለም።

"እሱ ይደውል" ማለት

ተመራማሪዋ ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5,900 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሙከራዎች አሳትመዋል። ጠፍቶ የቆየ ሰው ሰላም ሲለን ምን ያህል ደስ እንደሚለን፣ ደዋዩ አሳንሶ ይገምታል። ባልታሰበ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ደስታው ይብሳል።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የዶርም ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። አራት ዓመት ሆኖናል። ስልኩ ሲጠራ እጄን አልቦኝ ነበር። "አንተ! የት ጠፍተህ ነው?" አለኝ፤ ድምፁ ሳቅ በሳቅ ነው። ለካ ቤቱ ከአባይ ድልድይ ማዶ ነው፤ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ቅዳሜ ጣና ዳር ተገናኘን። አቦሉን ስለ ሥራ እያወራን ጠጣን። ቶናው ላይ እናቱ ካረፉ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገረኝ። በየበዓሉ ዳቦ ቆሎ የሚልኩልን እናቱ። ቀብር አልነበርኩም፣ ለቅሶ አልደረስኩም። በረካው እስኪቀዳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ እሑድ ቤቱ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ።