ከመደወልዎ በፊት፦ የሌሊት የቴሌቪዥን የስልክ ውድድር አሞካከር

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አቅራቢዋ የገንዘብ ኖት እየቆጠረች «ደውሉ እንጂ፣ መስመሩ ክፍት ነው!» ትላለች። ጥያቄው ልጅ እንኳ የሚመልሰው ይመስላል። በጀርመን ናይን ላይቭ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በዚህ ሥራ ኖሯል፤ በብሪታንያ አይቲቪ ፕሌይ በ2006 ተከፍቶ በ2007 ተዘጋ። ጣቢያዎቹ ቢዘጉም ከመደበኛ ጥሪ በላይ በሚያስከፍል ልዩ ታሪፍ ስልክ የሚገባባቸው የቴሌቪዥን ውድድሮች አሁንም አሉ። መሞከር የፈለገ ሰው ከመልሱ በፊት መስመሩን ይወቅ።

ሲደውሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ኮምፒውተር ነው። አብዛኛውን ደዋይ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ ይሸኘዋል፤ ገንዘቡ ግን ተቆርጧል። በናይን ላይቭ አንድ ጥሪ ወደ 50 ሳንቲም ዩሮ፣ በብሪታንያ ደግሞ ወደ 75 ፔንስ ያስከፍል ነበር። ወደ ስቱዲዮ የሚያልፈው ዕጣ የወጣለት ብቻ ነው። ናይን ላይቭ ይህን ዕጣ «ሆት ባተን» ይለው ነበር፤ መቼ እንደሚመታ ተመልካቹ አያውቅም። መልሱን ማወቅ የሚጠቅመው ይህን በር ካለፉ በኋላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይያዙና ያስሉ። ለምሳሌ በአንድ ሰዓት 2,000 ጥሪ ገብቶ 20 ሰው ስቱዲዮ ቢደርስ፣ የመድረስ ዕድል ከ100 አንድ ነው። በ75 ፔንስ ሂሳብ አንዴ ስቱዲዮ ለመድረስ በአማካይ 75 ፓውንድ ይወጣል ማለት ነው። ከደረሱ በኋላ ከአምስት አንዴ ብቻ ትክክል የሚመልሱ ከሆነ ወጪው 375 ፓውንድ ይሆናል። ሽልማቱ 200 ከሆነ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተሸንፈዋል። ስንት ሰው እየደወለ እንደሆነ ጣቢያው ስለማይነግርዎ፣ ግምትዎን ሁልጊዜ ወደ ላይ ያድርጉት።

ታሪፉንም በደንብ ያንብቡ፤ በስክሪኑ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። በብሪታንያ በ09 የሚጀምሩ ቁጥሮች ላይ ከአገልግሎቱ ክፍያ በተጨማሪ የራስዎ የስልክ ኩባንያ ክፍያ ይታከልበታል። በጀርመን የ0137 ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ በየጥሪው ያስከፍላሉ። «ያልተገደበ ደቂቃ» የሚለው ፓኬጅ እነዚህን አይሸፍንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያወጡትን ገንዘብ አስቀድመው ይቁረጡ፣ ለምሳሌ አራት ጥሪ። በደወሉ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት ያድርጉ። መልሶ መደወያውን ቁልፍ አይንኩ፤ ገንዘብ የሚፈስሰው በእሱ ነው፣ የስልክ ሂሳቡም የሚመጣው ወር ቆይቶ ነው። ራስዎን መግታት ካቃተዎት ደግሞ የስልክ ኩባንያዎ ልዩ ታሪፍ ያላቸውን ቁጥሮች እንዲዘጋልዎ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። በጣም የተለመደው የቃላት ሰንጠረዥ ነው፤ መልሶቹ ተሸፍነው ይደረደራሉ፣ ደዋይ የገመተው ይከፈታል። በአማርኛ ቢሆን «ከ‹ቤት› በፊት የሚገባ ቃል» እንደማለት ነው። ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ፍርድ ቤት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልቃሉ፤ ሽልማታቸውም ትንሽ ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ግምጃ ቤትና ዕቃ ቤት በሚመስሉት፣ ወይም ማንም በማያስባቸው ላይ ነው። በብሪታንያ «በሴት የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገኝ ነገር» ተብሎ ተጠይቆ፣ ከመልሶቹ መካከል ፊት የሚሸፍን የሹራብ ኮፍያና ብሎን ለመትከል ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ ነበሩበት። እንዲህ ያለውን በዕውቀት የሚደርስበት የለም። ሰንጠረዡ ላይ ሦስት ወይም አራት መልስ ብቻ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሳሳት ካዩ፣ ስልኩን ያስቀምጡ።

ሁለተኛው ዓይነት «ቁጥሮቹን ሁሉ ደምሩ» ወይም «ስንት ሦስት ማዕዘን አለ» የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በፊደል የተጻፉ ቁጥሮች፣ የሮማ ቁጥሮች፣ በሌላ ቃል ውስጥ የተሸሸጉ ቁጥሮች ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚያውቀው አዘጋጁ ብቻ ነው። ትክክል ደምረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ይህን ዓይነት ጨርሶ ይተዉት።

የሚሻለው ፊደላቸው የተዘበራረቀ ቃል ነው፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ ብዙም አያከራክርም። እዚያ ላይ አስቸጋሪው ብዙ ሰው ማወቁ ነው። ትንሽ ሽልማት ያለውን፣ አቅራቢው ብዙም የማይጮኽበትን ክፍል ይምረጡ። ሽልማቱ በእጥፍ ሲያድግና የሰከንድ ቆጠራ ሲጀመር የሚደውለው ሰው ይበዛል። ደግሞ ቆጠራው አልቆም ጨዋታው ሊቀጥል ይችላል፤ ቆጠራን አምነው አይደውሉ።

ከመደወልዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። ደዋይ ስቱዲዮ የገባበትን እያንዳንዱን ሰዓትና የተባለውን የተሳሳተ መልስ ሁሉ ይጻፉ። በሁለት ደዋዮች መካከል አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ገንዘብ እየተሰበሰበ እንጂ ጨዋታ እየተካሄደ አይደለም። ተራው ደርሶዎት ከገቡ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ያጥፉ፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚመጣ ያደናግራል፣ ያስተጋባልም። ሰላምታ አያብዙ። መልሱን በአንድ ቃል ይናገሩ፣ ከደብተርዎ ላይ ያልተባለውን።

በብሪታንያ ላላችሁ አንድ የተሻለ መንገድ አለ። ብዙ የቴሌቪዥን ውድድሮች በፖስታ በነጻ መግባት ይፈቅዳሉ። የ2005ቱ የቁማር ሕግ በተራ ፖስታ መላክን እንደ ክፍያ አይቆጥርም፤ በነጻ የገባውም በዕጣው ከከፈለው ጋር እኩል መታየት አለበት። ደንቡን ከጣቢያው ድረ ገጽ ያውጡ፦ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ መልስ፣ የሚደርስበት የመጨረሻ ቀን፣ በአንድ ፖስታ ስንት መልስ እንደሚፈቀድ። አንዱ ቢጎድል ይጣላል። የሚወጣው የቴምብር ዋጋ ብቻ ነው።

በስልክ ከገቡ ደግሞ ቀድመው ይግቡ። የብሪታንያው የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ጂኤምቲቪ በ2007 የ2 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት የተጣለበት፣ መስመሩ ሳይዘጋ አሸናፊ ሊሆኑ የሚችሉት ተመርጠው ሕዝቡ በከንቱ እየደወለ ስለነበረ ነው። በዚያው ዓመት ቻናል ፋይቭ 300,000 ፓውንድ ተቀጥቷል፤ በአንድ ፕሮግራሙ አሸናፊ ሲጠፋ የፈጠራ ስም ይነገር፣ ሠራተኛም እንደ አሸናፊ በአየር ላይ ይቀርብ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሚደግም ቻናል ወይም በተቀዳ ፕሮግራም ላይ እያዩ በፍጹም አይደውሉ፤ መስመሩ ተዘግቶም ሊያስከፍልዎ ይችላል።

አገር ቤት ተመሳሳዩ በአጭር ቁጥር የሚላከው የኤስኤምኤስ ጥያቄና መልስ ነው። «እሺ» ብለው ከላኩ በኋላ በየቀኑ የሚቆርጥ ምዝገባ ውስጥ ገብተው ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን መልእክት እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» ብለው ይልካሉ። ሳይወዳደሩ «አሸንፈዋል፣ መጀመሪያ ካርድ ሞልተው ይላኩ» የሚል ጥሪ ከመጣልዎ ስልኩን ይዝጉ፤ እውነተኛ ሽልማት ካርድ አያስሞላም።